ከነጠላው እጥፋት የወጣው

ነጠላው የትዕግሥት ነው።

ጽጌሬዳ ገና ከበሩ ላይ ሆና አወቀችው። የመርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ እንደታጠፈ ተቀምጧል። ጭቃ ነክቶታል፣ ደረቅ ቅጠል ተጣብቆበታል፣ ጥበቡ ግን ያው ሰማያዊው ነው። ተቀመጪ ሳይሏት ተቀመጠች።

"የማን ነው፣ እትዬ?" አለች ኢንስፔክተር ሥርጉት።

"የልጄ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አቦ! ለምርቃቷ ራሴ ያሠራሁትን ነጠላ ላላውቀው ነው?"

ሥርጉት አልተቆጣችም። ጻፈች።

ትዕግሥት የጠፋችው በጳጉሜ ነው። አሁን ጥቅምት እያለቀ ነው። ልጅቷ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው የእሳት እራት ነበር፤ ያንን መብራት ባየ ቁጥር እየተጋጨ የሚሞተውን። "ሰው ስለ ቡና ያጠናል፣ ስለ ጫት ያጠናል፣ የኔዋ አምፖል ላይ የሚንጋጋ ነገር ታሳድዳለች" እያለች ጽጌሬዳ ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ካፊያ እየጣለ ትዕግሥት ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ዑስማን የሚባል ባለባጃጅ ኤረር በር አጠገብ አወረዳት። ቁልቁል ወደ ወይራው ጫካ ስትወርድ ሰው አይቷታል። በቃ። ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ሆነች።

ወሬ እግር ባይኖረውም ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። "ታህሪብ ሄዳለች፣ በጅጅጋ አድርጋ ባሕር ልትሻገር ነው" ተባለ። "ወንድ ነው ያስኮበለላት" ተባለ። ዑስማን ታሰረ፤ ቀኑን ሙሉ ተራው ላይ እንደዋለ ጓደኞቹ መስክረውለት ተፈታ። ጫካውን ደግሞ የጫካው ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሚልኪያስ ሰው አስከትሎ ገባና "ጥግ በጥግ አሰስነው፣ ምንም የለም" ብሎ ተመለሰ።

ሚልኪያስ ባዳ አይደለም። የትዕግሥት የክርስትና አባት ነው። እሱና ጽጌሬዳ "አበልጄ" ነው የሚባባሉት። ባሏ ሲሞት ድንኳን ያስተከለው፣ ልጅቷን እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ ነው። በመስቀል ማግስት እያለከለከ ቤቷ የደረሰውም እሱ ነው።

"አየኋት፣ አበልጄ! በዓይኔ በብረቱ አየኋት!"

ያያት ጊደር መጋላ ገበያ፣ ቅመም ተራ ላይ ነው። ሰማያዊ ጥበብ ያለውን ነጠላዋን ለብሳ ከአንድ ገበሬ ጋር ስታወራ። ቢጠራት ሕዝቡ ውስጥ ገብታ ጠፋችበት። ይህን ከሰማች ጀምሮ ጽጌሬዳ ነፍስ ዘራች። ልጇ ኮብልላም ቢሆን፣ ተቀይማትም ቢሆን፣ በሕይወት አለች። ፖሊስም ጫካውን ትቶ መናኸሪያ ለመናኸሪያ መጠየቅ ያዘ።

አሁን ግን ነጠላው ብቻውን መጥቷል፤ ልጅቷ የለችበትም።

"ማን አመጣው?" አለች ጽጌሬዳ።

"ሙሜ የሚባል የኤረር ገበሬ። ጊደር መጋላ ላይ ይዞት እየዞረ 'ነጠላ የጠፋባት ሴት አለች?' ሲል ተያዘ። አቶ ሚልኪያስም አይተውት 'ከሷ ጋር ያየሁት ይኸው ነው' ብለዋል።"

"አምጪልኝ። ፊቱን ልየው።"

ሥርጉት በሩን ከፍታ ተጣራች።

ሙሜ ረዥም፣ ከሲታ ሰው ነው። እጁ ታስሯል። ጽጌሬዳን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

"ከየት አገኘኸው?" አለች ሥርጉት።

"ከጫካው። ከወይራ ሥር። ቅጠል ሸፍኖታል።"

"መቼ?"

"ባለፈው ጁምዓ። ደረቅ እንጨት ስለቅም።"

"ለምን ለፖሊስ አላመጣህም?"

"ፖሊስ ነጠላ ጠፋበት እንዴ? የሴት ነው። የሰው ነገር አማና ነው፤ ባለቤቱ እስኪገኝ እጄ ላይ ነው። ገበያ ወስጄ ጠየቅሁ።"

"ዘርግተህ አየኸው?"

"ሱብሃነላህ! የማላውቃትን ሴት ልብስ ምን ብዬ እዘረጋለሁ? እንደታጠፈ አነሳሁት፣ እንደታጠፈ ቤቴ አስቀመጥኩት።"

"በመስቀል ሰሞን የት ነበርክ?"

"ቤቴ። ክረምቱን በሙሉ ጅጅጋ ግንባታ ላይ ነበርኩ። የገባሁት ለመስቀል ዋዜማ ነው።"

"ከገባህ በኋላ ገበያ ወጥተሃል?"

"ያልወጣ ማን አለ?"

"እዚያ ከልጅቷ ጋር ስታወራ ሰው አይቶሃል።"

"ወላሂ አላውቃትም!"

ጽጌሬዳ መታገሥ አቃታት። ብድግ ብላ ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው። "ልጄን የት አደረግሃት? ንገረኝ! ሸጥካት? ለማን ሸጥካት?"

ሙሜ አልተከላከለም። "እማማ፣ ባውቅና ብነግርዎት እንዴት ደስ ባለኝ" አለ። "አላውቅም።"

ወደ ውጭ ወሰዱት። ጽጌሬዳ ነጠላውን ሳብ አድርጋ እቅፏ ውስጥ ከተተችው። ልጇን የምታሸት መስሏት አፍንጫዋን ቀበረችበት፤ አፈር አፈር ይላል። እጥፋቱን ስትገልጠው ጣቷ ጠንካራ ነገር ነካ።

አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ጥቅልል ናት። ጨርቁ ላይ በሐር ክር ተሰፍታ የበቀለች ትመስላለች።

"ትል ነው መሰለኝ" አለች ሥርጉት አፏን ይዛ። "ይጣሉት፣ እትዬ።"

"ትል አይደለም" አለች ጽጌሬዳ። "ልጄ ቤቱን የሞላችው በዚህ ነው። አስተማሪዋን ጥሪልኝ።"

አስተማሪው ጀማል በማግስቱ መጣ። ትዕግሥትን በጥናቷ የሚያማክራት እሱ ነው። ጥቅልሏን አልነካትም። ጎንበስ ብሎ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ ብዙ አያት።

"ይሄን ነጠላ ከዚህ በፊት የዘረጋው ሰው አለ?"

"ሰውየው አልዘረጋሁም ብሏል" አለች ሥርጉት። "ክሩም እጥፋቱን ከላይ እስከ ታች ሰፍቶታል። ፎቶ አንስቼዋለሁ።"

"እንግዲያው አባ ጨጓሬው የገባበት እንደታጠፈ ጫካ ውስጥ እያለ ነው" አለ ጀማል። "ኢንስፔክተር፣ ይሄ ነገር ከሁለት አንዱ ነው።"

ተቀመጠና አስረዳ። እናቲቱ ዕንቁላሏን ከቅጠል ጀርባ ትጥላለች። ከዕንቁላሉ አባ ጨጓሬ ይወጣል፣ እየበላ ይወፍራል። ሲበቃው ይወርድና ሐር ጠቅልሎ ውስጡ ይተኛል። ተኝቶ ሰውነቱ ይሟሟል፣ እንደገና ይሠራል፣ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። እዚህ አገር እንዲህ የሚጠቀልሉ ሁለት የሚመሳሰሉ የእሳት እራቶች አሉ። አንደኛው የጓሮው ነው፤ ያገኘውን ዛፍ ይበላል፣ በማንኛውም ወር ይጠቀልላል። ሁለተኛው የጫካው ነው፤ ከወይራ ሌላ አይበላም፣ ከጫካውም አይወጣም።

"የጫካው ቀጠሮ አያፈርስም" አለ ጀማል። "ክረምቱን ዛፍ ላይ ይበላል። ጳጉሜ ላይ ሁሉም ባንድ ላይ ይወርዱና መሬት ላይ ያገኙት ውስጥ ይጠቀልላሉ። መስቀል ሲደርስ አንድም የሚሄድ አባ ጨጓሬ አታገኚም። ይሄን ያገኘችው ትዕግሥት ናት። ሌላ ሰው አላጠናውም።"

ሥርጉት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይሄ የጫካው ከሆነ፣ ነጠላው በጳጉሜ ወይራው ሥር ነበር ማለት ነው።"

"አዎ።"

"በመስቀል ማግስት ልትለብሰው አትችልም።"

"አትችልም።"

"የጓሮውስ ከሆነ?"

"የጓሮው ጫካም ይገባል። ከመስቀል በኋላ የጠቀለለ ሊሆን ይችላል።"

"አሁን የትኛው ነው?"

"አሁን አይለይም። ጥቅልላቸው አንድ ነው። ሲወጣ ክንፉን ማየት ነው። የጓሮው የኋላ ክንፉ ላይ ነጭ መስመር አለው። የጫካው ጥቁር ክብ አለው።"

"ቀደን ብናየው?"

"ይሞታል። ውስጡ ገና ክንፍ የለም።"

"አዲስ አበባ ልከን እናስመርምረው።"

"ፈጭተው ነው የሚመረምሩት። ተፈጭቶስ ከምን ጋር ይወዳደራል? የጫካውን ሌላ ያጠናው የለም አልኩሽ እኮ፤ መዝገብ ላይ አልገባም።"

"መቼ ነው የሚወጣው?"

"የጓሮው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከገና በፊት። የጫካው ከሆነ በልግ ሲጥል።"

"እስከዚያ?"

"እስከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ማንም ሊያስቸኩለው አይችልም።"

ለጽጌሬዳ ማንም ፈታ አድርጎ አልነገራትም፤ እሷ ግን ገብቷታል። የጓሮው ከሆነ ሚልኪያስ ያያት ልጇ ናት፣ በሕይወት አለች። የጫካው ከሆነ ትዕግሥት በጳጉሜ ነጠላዋን አጥፋ እንዳስቀመጠች ተመልሳ አላነሳችውም። እንዲህ ያለ ፍርድ ለአንድ ጥቅልል ይሰጣል? አምላኬ፣ ምን አድርጌህ ነው?

ጥቅልሏ ከጨርቁ ቁራጭ ጋር ተቆርጣ ጽጌሬዳ ቤት ገባች። ትዕግሥት ራሷ በወንፊት ሽቦ ያሠራችው ሳጥን መኝታ ቤቷ ውስጥ አለ፤ ጀማልም "ከዚያ የተሻለ ቦታ እኛም ጋ የለም" አለ። በየሳምንቱ እየመጣ ሊያይ ቃል ገባ። "አብሽሩ፣ እትዬ" ብሎ ሄደ።

ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ሳጥኑን ሆነ። ኅዳር ገባ። "ውጣ እንጂ" ትለዋለች። "ነጭ መስመር ይዘህ ውጣልኝ፣ የኔ ጌታ። ስለት አለብኝ።" ታኅሣሥ ገባ። ጥቅልሏ እንደ ድንጋይ ዝም። ጎረቤቶቿ ወሬውን ሰምተው "ሴትዮዋ ትል ታመልካለች" አሉ። ያሉትን ይበሉ። የነሱ ልጆች ትምህርት ቤት ውለው ቤታቸው ይገባሉ።

ሚልኪያስ ዳቦ ይዞ ሳይመጣ የሚውልበት ቀን የለም።

"ትል ምን ያውቃል፣ አበልጄ?" ይላታል። "እኔ አይቻታለሁ አልኩሽ። የሰው ዓይን ይበልጣል ወይስ የትል?"

"የሰው ዓይን" ትላለች። እንዲህ ሲላት ትወደዋለች። ከተማው በሙሉ በሹክሹክታ ልጇን ሲቀብርባት፣ ትመጣለች የሚላት እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ሳጥኑን የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከሚፋጅ ፀሐይ ላይ አገኘችው። "ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው" አለ ሚልኪያስ። አመስግናው ወደ ጥላው መለሰችው።

ሙሜ ልጅቷን ሰውሯል ተብሎ ክስ ተመሠረተበት። ዋስትና ተከለከለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ከዚህ በፊት ያላዩት ሁሉ "ዓይኑ እኮ ያስታውቃል" አሉ። የጅጅጋው አሠሪው መጥቶ መሰከረ፤ ግን የመሰከረው ለጳጉሜ ነው። ለመስቀል ማግስት ምን ይረባዋል?

"እጄን ታስሬ ነው ያለሁት፣ እትዬ" አለች ሥርጉት አንድ ቀን። "ምስክሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። የኔ ማስረጃ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል።"

የሙሜ ሚስት ናፊያ ጠዋት ጠዋት ለባሏ ስንቅ ይዛ ከኤረር በእግሯ ትመጣለች። ጽጌሬዳ መጀመሪያ ስታያት ፊቷን አዞረች። ሁለተኛም አዞረች። ከገና በኋላ ግን አንድ ቀን ናፊያ መንገድ ላይ ጠብቃ አስቆመቻት።

"እማማ፣ ልጅዎ በሕይወት አለች አይደል?"

ጽጌሬዳ ነጠላዋን አጣፋች።

"ሰግጄ ስጨርስ ዱዓ የማደርገው መጀመሪያ ለሷ ነው" አለች ናፊያ። "ለሙሜ ቀጥሎ ነው። እሷ ከመጣች እሱ ይፈታል። ኢንሻአላህ ትመጣለች። ጌታዬ የሁለታችንንም ባንድ ቀን ይመልሳል።"

"አሜን" አለች ጽጌሬዳ። ሌላ ምን ትበል? ባልሽን የሚያስፈታ ሌላም መንገድ አለ፣ እሱም የልጄ ሞት ነው ትበላት? ገና አለፈ፣ ጥቅልሏ አልተከፈተችም። ይሄን ለናፊያ አልነገረቻትም። ለራሷም ጮክ ብላ አልነገረችም። ቤቷ ገብታ፣ የትዕግሥት አልጋ ላይ ተደፍታ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ድምፅ ያወጣች እንደሆነ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ይገባል። ለቅሶ ደግሞ የለም፤ ልጇ አልሞተችም።

ጥምቀትም አለፈ፣ ዐቢይ ጾምም ገባ።

በመጋቢት አንድ ሌሊት በልጉ ጣለ። ጽጌሬዳ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አድሮ ሲነጋ ተነሳች። ሳጥኑ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማች።

ጥቅልሏ ጫፏ ላይ ተቀዳለች። እርጥብ፣ ጸጉራም፣ ክንፉ የተጨማደደ ነገር በወንፊቱ ሽቦ ላይ እየተንገዳገደ ይወጣል። ጥግ ደርሶ ተንጠለጠለ። ክንፉ ቀስ እያለ መዘርጋት ጀመረ። የፊቶቹ ቡናማ ናቸው፤ ከሥራቸው ያሉትን ሸፍነዋቸዋል። ጽጌሬዳ ተንበረከከች። "ነጭ" አለች። "ነጭ፣ ነጭ፣ እመቤቴ፣ ነጭ።"

ክንፉን ከፈተው።

በግራም በቀኝም ጥቁር ክብ ነው።

ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቅም። የውጭው በር ተንኳኳ፣ ተከፈተ። ሚልኪያስ ዳቦውን ይዞ ገባ።

"አበልጄ? ምነው መሬት ላይ?"

"ወጣ" አለች።

ሚልኪያስ ዳቦውን አልጋው ላይ አኖረ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደና መቀርቀሪያውን ፈታው።

"ልቀቂው" አለ።

"ምን?"

"ማንም አላየም። ሞተ በያቸው። ከለቀቅሽው ትዕግሥት አለች፤ ነገም አለች፣ ከርሞም አለች። ከያዝሽው ግን ዛሬውኑ ነው የምትቀብሪያት። ምን ይጠቅምሻል፣ ጽጌ?"

እግዜር ይቅር ይበላትና እጇ ወደ ሳጥኑ በር ሄደ። ጣቷ ማጠፊያውን ነካ። አንዴ ገፋ ቢያደርጉት ነው፤ በረረ፣ አበቃ። ትዕግሥት የሆነ አገር፣ የሆነ ከተማ፣ ተቀይማ ትኖራለች። ደብዳቤ ባትጽፍም ትኖራለች። ሙሜም... ሙሜ ማን ነው? ኤረር ያለ ሰው ነው። ግን ናፊያ ዛሬም በዝናቡ ስንቅ ይዛ መንገድ ላይ ናት። ለማታውቃት የሰው ልጅ ዱዓ አድርጋ ነው የወጣችው።

ጽጌሬዳ እጇን ሰበሰበች። ቀና ብላ ሚልኪያስን አየችው። እሱ የሚያየው መስኮቱን ነው።

"ክንፉን ለምን አላየኸውም?" አለች።

"እ?"

"ነጭ ይሁን ጥቁር አልጠየቅከኝም። ሁለት ዓይነት እንደሆነ ነግሬሃለሁ። ነጭ ቢሆን ኖሮ እልል እያልኩ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። አንተ ግን ሳታየው ልቀቂው አልክ።"

"ፊትሽን አይቼ ነዋ..."

"ፊቴን አላየኸውም። መስኮቱን ነው ያየኸው።" ድምፅዋ አልጮኸም። "አንተ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ። ነጠላዋ በጳጉሜ የት እንደነበረ ታውቃለህ። ልጄ የት ናት፣ ሚልኪያስ?"

አበልጄ አላለችውም። እሱም ሰማው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ የትዕግሥት አልጋ ላይ።

"አንቺን ማየት አቅቶኝ ነው" አለ። "ስታለቅሺ ማየት አቅቶኝ ነው አየኋት ያልኩት።"

"የት ናት?"

ሚልኪያስ በመስኮቱ ወደ ዝናቡ አየ።

ጽጌሬዳ ሳጥኑን አነሳች፣ ዝናብ እንዳይነካው ነጠላዋን አለበሰችውና ወጣች። እሱ ከኋላዋ ተከተላት። "ጽጌ፣ ተይ! በወለድሽው፣ ተይ!" ይላል። ምን የወለደችው አለና? ባለባጃጆቹ ቆመው አዩአቸው። ዑስማን "እትዬ፣ ላድርስዎት" አለ፤ አልሰማችውም። ሚልኪያስ መሸሽ ይችል ነበር፤ የጅጅጋው ሚኒባስ አጠገቡ ሰው ይጭናል። አልሸሸም። እየለመናት፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ ፖሊስ ጣቢያው ድረስ በገዛ እግሩ ተከትሏት ገባ።

ሥርጉት ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከዚያ ሳጥኑን። ጀማልን አስጠራችው። መጥቶ፣ አይቶ፣ መነጽሩን አወለቀ። "የጫካው ነው" አለ። "ኢና ሊላሂ። እትዬ፣ ምን ልበልዎት?"

ምርመራው ረዥም አልነበረም።

"በመስቀል ማግስት ነጠላዋን ለብሳ አየኋት ብለዋል።"

"ተሳስቼ ይሆናል።"

"ሦስት ጊዜ ጠይቄዎት ሦስት ጊዜ ፈርመዋል።"

"ዕድሜ ነው። ዓይኔ..."

"ሙሜን ግን በዓይንዎ ለይተውታል። ጫካውን ማን አሰሰው?"

"እኔ።"

"ከወይራው ሥር ያለውን ነጠላ ያላገኙት ለምንድን ነው?"

"ዝናብ ነበር። ቅጠሉ..."

"ዛሬ ሰው ልኬ ጫካውን ላሳስስ ነው። ምን ያገኛሉ፣ አቶ ሚልኪያስ?"

ሚልኪያስ ወደ በሩ አየ።

"ከተማው ውስጥ የወይራ ግንድ ይሸጣል። ጉቶ ያገኛሉ?"

ሚልኪያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "የከሰል ጉድጓዱን ቆፍሩ" አለ። "ከምንጩ በላይ ያለውን።"

የወይራ ግንድ እያስቆረጠ ይሸጥ ነበር። ጠባቂው ራሱ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ። ውስጥ ውስጡን፣ ከመንገድ የማይታየውን፣ ትላልቁን ብቻ። ትዕግሥት አባ ጨጓሬዋን ስትከተል ከጉቶዎቹ መሀል ገባች። ያን ቀን እዚያው አገኘችው። "የክርስትና አባቴ፣ አንተ ነህ?" አለችው። ዛሬውኑ ለወረዳው እናገራለሁ ብላ ፊቷን ስታዞር ክንዷን ያዛት። ታገለችው። የያዘውን የመጥረቢያ እጀታ ሰነዘረባት። "ላስቆማት ብዬ ነው" አለ፤ "ላስቆማት ብቻ።" ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ነጠላዋን፣ እሾህ እንዳይቦጭቀው፣ አጥፋ ከወይራ ሥር አኑራው ነበር። እሱ ነጠላው እንደሌለ ያወቀው ማታ ነው፤ ተመልሶ ቢፈልግ ቅጠሉ ውጦት አጣው። ስለዚህ ጫካውን ማንም እንዳያስስ ልጅቷን በወሬ ገበያ አወጣት። የእናቷን ለቅሶ ማየት አቅቶኝ ነው ያለውም ውሸት አይደለም፤ እሱም እውነት ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ። ጽጌሬዳ ላይ ግን የወደቀባት ፈረሱ ራሱ ነው።

ከጉድጓዱ የወጣውን ጽጌሬዳን አላሳዩአትም። እሷም አልጠየቀችም። አንድ ነገር ብቻ ተጠየቀች። ሙሜ እንዲፈታ የትዕግሥት ሞት በእናቷ ቃል መዝገብ ላይ መግባት አለበት አለች ሥርጉት፤ ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነው።

"ልጅዎ ትዕግሥት በሕይወት አለች?"

"የለችም" አለች ጽጌሬዳ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፏ ወጣ። "ልጄ ሞታለች። በጳጉሜ ሞታለች። ጻፊው።"

ከዚያ ጮኸች። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት ከጳጉሜ ጀምሮ ያፈነችው ጩኸት ነው። ሥርጉት እስክሪብቶዋን ጥላ አቀፈቻት፤ ማቀፍ እንጂ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

ትዕግሥት ተቀበረች። ድንኳን ተተከለ፤ በዚህ ጊዜ የተከለው ዕድሩ ነው። በማግስቱ ሴቶቹ ጽጌሬዳን ከበው ሲያለቅሱ ናፊያ ገባች። ጫማዋን እደጅ አውልቃለች። ሙሜ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ ልብሱ ሰፍቶታል።

ናፊያ ጽጌሬዳ ፊት ቁጭ አለች። እጇን ይዛ ሳመችው። የዛሬ ሦስት ቀን ባሏ ቤት ገብቷል። ልጆቿ እላዩ ላይ ተኝተው አድረዋል። ደስታዋን የት ትሸሽገው? ለቅሶ ቤት ይዛው መግባት ደግሞ ነውር ነው።

"አልሐምዱ..." አለችና አፏን በሻሿ አፈነች። "ይቅር በሉኝ፣ እማማ። እኔ የለመንኩት እንዲህ አልነበረም። እሷም እንድትመጣ ነበር የለመንኩት።"

ጽጌሬዳ አየቻት። ሻሹን ከአፏ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችላት።

"ጨርሺው" አለች።

"እማማ..."

"ባልሽ ተፈቷል። ጨርሺው፣ ልጄ። እኔ ልስማው።"

ናፊያ እያለቀሰች ጨረሰችው።